የከፈትሽውን ብቻ ጥቀሺ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ሁለት ነው። አማካሪሽ «ሊትሬቸር ሪቪውሽ ላይ ሳይቴሽኑ ተዘበራርቋል» ብሎ መልሶልሻል፤ የቀደሙ ጥናቶችን በቃኘሽበት ክፍል የምንጭ አጠቃቀስሽ ተምታቷል ማለቱ ነው። ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ደንብ እንዴት ላስተካክለው ትያለሽ። ሁለተኛው፣ ዋናውን ጽሑፍ ካጣሁት ሌላ ሰው የጠቀሰውን ወስጄ ባስገባ ምን አለበት የሚለው ነው። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ጉዳይ ተመልሶብኛል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ፎርማቱ አያስጨንቅሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የኤፒኤ መመሪያ ሰባተኛ እትም ያዢ። ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ገና ከመጀመሪያው የአንዱን ስም ጽፈሽ ቀሪውን «ኤት አል» (እና ሌሎች) ብለሽ ታልፊያለሽ። ቃል በቃል ከወሰድሽ የገጽ ቁጥር ግድ ነው። ጥቅሱ 40 ቃል ከሞላ ትእምርተ ጥቅሱ ይቀርና ለብቻው ገባ ብሎ ይጻፋል። ኮማና ነጥቡን ዞቴሮ የተባለው የምንጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ይሠራልሻል። ግን ከድረ ገጽ ሲስብ አንዳንዴ ስም ያሳስታል፣ ዓመት ይዘላል፤ እያንዳንዷን በዓይንሽ እያት። ከዚያ ጽሑፉን አትሚና እስክሪብቶ ይዘሽ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ከመጨረሻው የምንጮች ዝርዝር ጋር አመሳክሪ። የተረፈም የጎደለም ያኔ ይታያል።

እኔን የጣለኝ ግን ፎርማት አልነበረም። ፈታኙ ከጽሑፌ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበና «ይህ አገላለጽ ያንተ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ፤ ከልቤ የኔ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ የታተመ ጥናት ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ቃል ለቃል አንድ ነው። ደንግጬ ቀረሁ። ቤት ገብቼ ማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አገኘኋቸው፤ ትእምርተ ጥቅስ የለ፣ ገጽ የለ፣ ስም የለ። ከስምንት ወር በፊት ገልብጫቸው፣ ቆይቶ የራሴ ሐሳብ መስለውኛል። ለመስረቅ አላሰብኩም፤ ግን አንባቢ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ስይዝ ቃል በቃል የወሰድኩትን እዚያው በትእምርተ ጥቅስ ከገጹ ጋር እጽፋለሁ። በራሴ አባባል የጻፍኩት አጠገብ «ሐሳቡ የእሱ» እላለሁ። የራሴ ከሆነ «የኔ»። ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

በራስ አባባል መጻፍ ስልሽ ቃል መቀያየር ማለቴ አይደለም። ዋናው «የእንቅልፍ እጥረት የተማሪዎችን የማስታወስ ችሎታ ይቀንሳል» ካለ፣ «የእንቅልፍ ማነስ የተማሪዎችን የማስታወስ አቅም ዝቅ ያደርጋል» ብትዪ ያው ገልብጠሻል። አንብቢው፣ ዝጊው፣ ሳታዪ ጻፊው፣ ከዚያ ከፍተሽ ሐሳቡ እንዳልተጣመመ አረጋግጪ። እንዲያም ሆኖ ሐሳቡ የሌላ ሰው ነውና ምንጩ ይጠቀሳል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ባታደርጊው እመርጣለሁ። ስፒናች የተባለውን ቅጠላ ቅጠል አትክልት ታሪክ ስሚ። እ.ኤ.አ. በ1981 ቴረንስ ሃምብሊን የተባለ የደም ሐኪም በእንግሊዙ የሕክምና ጆርናል ላይ፣ ስፒናች ብረት የበዛበት ነው የተባለው የቀድሞ ተመራማሪዎች የአስርዮሽ ነጥብ አሳስተው አሥር እጥፍ ስላበዙት ነው ብሎ ጻፈ። ምንጭ አልጠቀሰም። ሌሎች ግን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ጠቀሱት፤ የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የሚያነሱት «ተጠንቀቁ፣ ምንጭ አጣሩ» ለማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክ ሳተን የተባለ የወንጀል ጥናት ምሁር ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያጣራ፣ የነጥብ ስህተት ስለመኖሩ ማስረጃ አጣ። መነሻውን ከፍቶ ያየ ሰው ቢኖር ይህ ሁሉ ባልተቀባበለ ነበር።

ዋናውን በቀላሉ አትተዪው። ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ፣ ለደራሲው አጭር ኢሜይል ጻፊ፤ በደስታ የሚልኩ ብዙ ናቸው። በፍጹም ካጣሽው «እከሌ እንደጠቀሰው» በዪና በዝርዝሩ ላይ ያነበብሽውን ብቻ አስገቢ። ቻትቦት የሰጠሽን ምንጭ ደግሞ ሳትከፍቺ እንዳታስገቢ፤ የሌለ ጽሑፍ በሚያምር ርዕስ ፈጥሮ ይሰጣል።

አሁን ሙሉውን ድራፍት አትንኪ። በጣም የተዘበራረቀውን አንድ ገጽ ያዢና ከእያንዳንዱ ጥቅስ አጠገብ «ከፍቼዋለሁ» ወይም «አልከፈትኩትም» ብለሽ ጻፊ። ያልከፈትሻቸው ስንት እንደሆኑ ንገሪኝ፤ ከእነሱ እንጀምራለን።