«ከበር ከወጣ በኋላ አያገባንም»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው። የሟች እህቴን ልጅ እኔ ነኝ የማሳድገው። ዕድሜው 14 ነው፤ ሙራንጋ ካውንቲ ውስጥ በአንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ይማራል። የተርሙ ክፍያ ስላልተጠናቀቀ ሐሙስ ጠዋት ከሌሎች ልጆች ጋር «ቤታችሁ ሂዱና ክፍያ ይዛችሁ ኑ» ተብሎ ተላከ። ለእኔ የደወለልኝ የለም። ያወቅሁት ቅዳሜ ነው፤ የጎደለውን ገንዘብ በኤምፔሳ ከላክሁ በኋላ ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ ስደውል የሒሳብ ሠራተኛዋ «ታዲያ ልጁን መቼ ነው የምትመልሱት?» አለችኝ።

ፎቶውን በዋትሳፕ በተንነው። በቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ተነገረልን፤ የሰፈራችን መስጊድም በድምፅ ማጉያ አስጠራልን። አንድ ሰው ደውሎ «ልጁ ከእኔ ጋር ነው፤ ለመሳፈሪያ 3,000 ሽልንግ ላኪ» ሲለኝ ላክሁለት፤ ስልኩ በዚያው ተዘጋ። በመጨረሻ ቲካ መናኸሪያ አጠገብ ማንዳዚ የምትሸጥ ሴት በፎቶው ለይታው ደወለችልን። በኪሱ የነበረው ገንዘብ ከቲካ አላሳለፈውም፤ ደግሞም እኔ ዘንድ ክፍያ እንደሌለ ስለሚያውቅ ቤት መምጣት ፈርቶ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ «የመውጫ ወረቀት ሰጥተነዋል፤ ከበር ከወጣ በኋላ አያገባንም» አሉኝ። የወረቀቱን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። የስደተኛ መታወቂያ ይዤ ልጠይቃቸው እችላለሁ? የልጁ ፎቶ ደግሞ እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ከቤት መውጣት አፍሯል። ምን ላድርግለት?
አክስት፣ ከኢስሊ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጁ በሰላም ተገኘልዎት። ማንዳዚ ሻጯን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ትምህርት ቤቱ ያላደረገውን አድርጋለች።

የርዕሰ መምህሩ መልስ ለእኔ አዲስ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ የሕግ ምክር በሰጠሁባቸው ዓመታት ብዙ ወላጆች ይህንኑ ቃል ይዘውልኝ መጥተዋል። ቃሉ ሲነገር የሕግ አንቀጽ ይመስላል፤ እንዲህ የሚል አንቀጽ ግን የለም። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን የሚያወርደው ሲያስረክብ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ለዘበኛና ለማታቱ (ለሚኒባስ ታክሲ) ረዳት አይሰጥም።

ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። የልጁ የመዝገብ ቁጥር አለ፣ ቀኑ አለ፣ ምክንያቱ «ክፍያ» ተብሎ ተሞልቷል፣ ማኅተሙ ከሁሉ ይደምቃል። የወጣበት ሰዓት የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነው። ወላጅ ስለመነገሩ የሚሞላ ቦታ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልታተመበትም። ገንዘቡን ለማስታወስ ማኅተም ያልቸገረው ቢሮ ሰዓቱን ለመጻፍ ቀለም አጠረው። ዋናውን ወረቀት ለማንም አይስጡ፤ ቅጂ ነው የሚሰጡት። ከጉዳዩ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እሱ ነው።

ስለ መታወቂያዎ አይጨነቁ። የ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 53 የሚናገረው ስለ «እያንዳንዱ ልጅ» ነው፤ ልጁን በሚመለከት ማንኛውም ጉዳይ ላይ የእርሱ ጥቅም ከሁሉ እንደሚቀድም ይደነግጋል፤ ዜግነት አይጠይቅም። የ2022ቱ የልጆች ሕግም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ልጆችን ለክፍያ ወደ ቤት የመስደድ ልማድ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴሩ ርዕሳነ መምህራንን ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት ነገር ነው። የግል ትምህርት ቤት «ክፍያው የውል ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል፤ ይበል። ውል ዕዳ ያስጠይቃል እንጂ ልጅን ሳይደውሉ መንገድ ላይ መልቀቅን አይፈቅድም።

ይህን ያህል የምወተውተው ኤንዳራሻን ስለማስታውስ ነው። በመስከረም 2024፣ ኒየሪ ካውንቲ በሚገኘው ሂልሳይድ ኤንዳራሻ አካዳሚ የወንዶች መኝታ ቤት በሌሊት ተቃጥሎ 21 ልጆች ሞቱ። በዚያ መኝታ ቤት ከ150 በላይ ልጆች ያድሩ ነበር። በማግስቱ የወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪጋቲ ጋቻጓ 70 ልጆች የት እንዳሉ አልታወቀም አሉ፤ ቀጥሎ ቁጥሩ ወደ 17 ወረደ። ከእሳቱ ያመለጡ ልጆች ጎረቤት ቤት ተጠልለው ነበር፤ ሌሎቹን ወላጆቻቸው በጨለማ መጥተው ለማንም ሳይናገሩ ወስደዋቸዋል። ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቅ በር ላይ የቆመው ወላጅ በዚያ ቀን የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከማን ጋር ወጣ የሚል መዝገብ። የእርስዎ ጉዳይ እሳት የለበትም እንጂ ጉድለቱ ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ስድብ አይኑርበት። የሐሙስን የክፍል መቆጣጠሪያና የዘበኛውን መዝገብ ቅጂ፣ ለእርስዎ የተደወለበት ሰዓት ካለም ያንኑ ይጠይቁ። አንድ ቅጂ ላይ ተቀብለናል ብለው ይፈርሙልዎ። መልስ ከዘገየ ወይም «አያገባንም» በጽሑፍም ከተደገመ ደብዳቤውን ከወረቀቱ ጋር ትምህርት ቤቱ ለሚገኝበት ክፍለ ካውንቲ የትምህርት ዳይሬክተር ያስገቡ፤ ከእርሱ በላይ የካውንቲው የትምህርት ቦርድ አለ። የልጆች ጉዳይ ኃላፊውም ቅጂ ይድረሰው። ክስ ማቅረብ ይችላሉ፤ ግን በዚያ አይጀምሩ። ፍርድ ቤት ጊዜ ይበላል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ነገ ሌላ ልጅ በዚያው ወረቀት እንዳይወጣ ይመስለኛል። ጠበቃ ካስፈለገ ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የተባለው ድርጅት አቅም ለሌላቸውና ለስደተኞች በነፃ የሕግ እርዳታ ይሰጣል።

ፖሊስ ዘንድ ስለ መሄድዎ በደብዳቤዎ ምንም አልጠቀሱም። ኢስሊ ውስጥ ብዙዎቻችን ጣቢያ ላለመርገጥ ዙሪያውን እንደምንሄድ አውቃለሁ፤ ምክንያቱንም አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅ ሲጠፋ ኬንያውያን ኦ.ቢ. በሚሉት የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ወዲያው ማስመዝገብና ቁጥሩን መያዝ ያስፈልጋል። «24 ሰዓት ይሙላ» የሚል ፖሊስ ቢገጥምዎ እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ ይንገሩት። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎ የሰፈሩን ቺፍ (የመንግሥት አስተዳዳሪውን) ወይም ኒዩምባ ኩሚ የሚባለውን የጎረቤታሞች የሰፈር ጥበቃ ተጠሪ ይዘው ይሂዱ። 116 ደግሞ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ነፃ የልጆች ስልክ ነው። አሁንም ቢሆን ሄደው ያስመዝግቡ፤ ልጁ ጠፍቶ መገኘቱ በጽሑፍ ይኑር። 3,000 ሽልንግ የበላውንም ሰው አብረው ያመልክቱ፤ የኤምፔሳው መልእክት የተቀባዩን ስምና የዝውውሩን ቁጥር ይዟልና አይሰርዙት።

እንዲህ ዓይነት ደዋዮች የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ ባለበት ሁሉ አይጠፉም። የእናትን ስልክ ከማስታወቂያው ላይ ያነብባሉ፤ የልጁንም ልብስ ከዚያው ያነብባሉ፤ ከዚያ «ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል» ሲሉ ወላጅ ያምናል። ስለዚህ አንድ ምልክት ሁልጊዜ ለራስ ይቅር፤ ጠባሳ ቢሆን፣ የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ቢሆን፣ የቤት መጠሪያው ቢሆን። የደወለው ሰው እርሱን ሳይናገር አንድ ሽልንግ አይላክም። ማስታወቂያው ላይ የጣቢያው ስምና የኦ.ቢ. ቁጥሩ ይስፈር፣ የጠፋበት ቀን ከነዓመቱ ይጻፍ፣ ቋንቋው ስዋሂሊም ይኑርበት። በአማርኛ ብቻ ቢበተን ኖሮ የቲካዋ ሴት ዘንድ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ቀን የሌለው ማስታወቂያ ያናድደኛል፤ ተገኝተው ያደጉ ልጆች በየስልኩ ዛሬም «ጠፍተው» ይኖራሉ። ሚሲንግ ቻይልድ ኬንያ የተባለው ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ማስታወቂያውን በነፃ አዘጋጅቶ ያሰራጫል፤ ሲገኙም ያስታውቃል።

የልጁን ፎቶ በተመለከተ፣ በተበተነበት መንገድ ሁሉ ያንኑ ምስል «ተገኝቷል» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ፊቱ ላይ አድርገው ይላኩ፤ ስሙን ከጽሑፉ ያጥፉት፤ የት እንደተገኘና ለምን እንደቆየ አይጻፍ። በቤተ ክርስቲያንም መገኘቱ ይነገር። ከዚያ በኋላ የሚያሰራጭ ካለ በግል ይደውሉለት። በኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ የልጅ ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ መጠቀም ያስቀጣል፤ በ2023 አንድ የናይሮቢ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ፎቶ ያለ ፈቃድ በማውጣቱ 4,550,000 ሽልንግ ተቀጥቷል። ልጁንም ስለ ክፍያው ያነጋግሩት። መናኸሪያ ያሳደረው ዕዳው ነውና «ገንዘብ ባይኖረኝም ና» የሚለውን ከእርስዎ አፍ ይስማ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሪያድ ነን። ልጃችን ናይሮቢ ከወንድሜ ጋር ናት፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ልናስገባት አስበናል። ወንድሜ ሄዶ ሲጎበኝ ምን ይይ?
አባት፣ ከሪያድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወንድምዎ ቤተ ሙከራውንና አውቶቡሱን አይቶ እንዳይመለስ። መኝታ ቤቱን አሳዩኝ ይበል፤ ካላሳዩት እዚያው ይብቃ። የ2008ቱ የኬንያ የትምህርት ቤት ደኅንነት መመሪያ የመኝታ ቤት በር ወደ ውጭ የሚከፈት እንዲሆን፣ በሁለቱም ጫፍ በር እንዲኖር፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ እንዳይኖረው፣ በአልጋና በአልጋ መካከል ቢያንስ 1.2 ሜትር እንዲተው ያዝዛል። ሜትር ይዞ ቢሄድ አያፍርም። ከኤንዳራሻ ወዲህ መንግሥት ምርመራ አድርጎ በ2024 መጨረሻ የ348 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የአዳሪ ክፍል ዘግቷል፤ ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌሊት ማን ይቆጥራቸዋል? መኝታ ቤቱ ሲቆለፍ ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል? ለክፍያ ትልካላችሁ ወይ? ከላካችሁ መጀመሪያ ለማን ትደውላላችሁ? መልሱን በቃል አይቀበል። የወንድምዎ፣ የባለቤቱና የአንድ ሌላ የምታምኑት ሰው ስልክ በልጅቷ ፋይል ላይ ይስፈር፤ ልጅቷን መረከብ የሚችሉት እነዚህ ሦስቱ ብቻ መሆናቸውን እናንተ ከሪያድ በጽሑፍ ላኩ፤ ወንድምዎም ትምህርት ቤቱ የፈረመበትን ቅጂ ሳይዝ አይውጣ።