ስለ ዋናና ስለ ልጆች ጠይቁኝ፣ ዛሬ ማታ ነፃ ነኝ

ሰላም ሰላም! ዋና ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ልጆችና ውሃ የሚፈሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ያላችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ፊቴን ውሃ ውስጥ መክተት እንኳን አልችልም። አሁን ብጀምር አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ኧረ ምን ረፈደ እህቴ፣ 60 ያለፋቸውን አስተምሬያለሁ። ትልቅ ሰውን የሚያስቸግረው እጅና እግሩ ሳይሆን ትንፋሹ ነው፣ ይፈራና አፍኖ ይይዘዋል። እስከ ደረትሽ በሚደርስ ውሃ ቁሚ፣ ጠርዙን ያዢ፣ አፍሽን ብቻ ክተቺና ሻማ እንደምታጠፊ እፍ በይ፣ ከዛ አፍንጫሽን፣ ከዛ ዓይንሽን። ሳምንት ሙሉ ይሄን ብቻ ብትሰሪ ምንም አይደል። ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍ ነው፣ ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ጭንቅላትሽን ቀና ካረግሽ እግርሽ ይሰምጣል። ፍሪስታይል (በሆድ ተኝቶ ክንድን እያፈራረቁ መዋኘት) ምናምን ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከግማሽ ነው። ክንድ ላይ የሚነፋውን ላስቲክ አርጌለት ዳር ቁጭ ብዬ ባየውስ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። እሱ መጫወቻ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ይወልቃል፣ ደሞ ልጁ ውሃ የሚይዘው እየመሰለው አንድ ቀን ሳያረገው ዘሎ ይገባል። በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይሻላል (ትከሻው ጋ ይዘህ ወደ ላይ ስትስበው አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል)። ያም ሆኖ አብረኸው ውሃ ውስጥ ግባ፣ ክንድህን ስትዘረጋ የምትደርስበት ርቀት ላይ ሁን።

ጥያቄ፦ ከሰመጠ ግን ይጮሃል አይደል? እኔ ቅርብ ስለሆንኩ እሰማለሁ ብዬ ነው።

መልስ፦ አይጮህም!! እኔው ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። 6 ልጆች ይዤ የአንዷን መነፅር ላስተካክል ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ስል አንዱ ልጅ ከደረጃው ወርዶ የቆመ መሰለኝ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ፣ አፉ ልክ ውሃው ጋ፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ተለጥፎ አይጠርገውም፣ እጆቹ በጎንና በጎን ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከኔ አንድ ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። ስሙን ስጠራው ዝም ሲለኝ ነው የገባኝ። አንስቼው ሲያስል ሌሎቹ ልጆች ምን እንደሆነ እንኳን አላወቁም። ለመጮህ እኮ መተንፈስ ያስፈልጋል፣ እሱ ያጣው ደሞ ትንፋሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁ ጨርሶ ከመስጠሙ በፊት ያለሽ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ መነፅር የማስተካክለው ሁሉንም ከውሃ አስወጥቼ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ፑል አንሄድም፣ ቤት ውስጥ ስጋት የለም መቼም?

መልስ፦ ባልዲ አለ አይደል? የህፃን ጭንቅላት ከባድ ነው፣ በጭንቅላቱ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃም ይበቃል። ሲጨርሱ መድፋት፣ በርሜሉን መክደን፣ በቃ።

ጥያቄ፦ የዋና ልብስ ቀለም ለውጥ አለው?

መልስ፦ በጣም። ሰማያዊና ነጭ ፑል ውስጥ ይጠፋል፣ ደማቅ ብርቱካናማ ግዙ።

ጥያቄ፦ ሰው ሲሰምጥ ባይ ዘልዬ ልግባ?

መልስ፦ ካልሰለጠንክ አትግባ፣ አንገትህን አንቆ ይዞህ ይወርዳል። በደረትህ ተኝተህ እንጨት ወይ ፎጣ ዘርጋለት፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካንም ወርውርለት። ወጥቶ ካልተነፈሰ ሆዱን መጫን፣ ዘቅዝቆ መያዝ የሚባለውን ተወው። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፣ አንተ መጀመሪያ 5 ጊዜ አፉ ውስጥ ተንፍስለት፣ ከዛ ደረቱን 30 ጊዜ ተጭነህ 2 ትንፋሽ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ቤት አይግባ።

ጥያቄ፦ ፑል ያለበት ግብዣ ላይስ? ብዙ ትልቅ ሰው ስላለ አይከፋም።

መልስ፦ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ወሬውን ይቀጥላላ። እኛ ኮፍያ እናዞራለን፣ ኮፍያውን ያረገ ሰው ለ15 ደቂቃ ልጆቹን ብቻ ያያል፣ ስልክ አይነካም፣ ወሬም የለም፣ ሽንት ቤት ቢሄድ እንኳን በእጁ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው።