የሌላ አምራች 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ልግዛ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ያነሣሽው ጥያቄ ከስድስት ዓመት በፊት እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበርና ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ባለው ዲኤስኤልአር (በውስጡ አንጸባራቂ መስታወት ያለው) ካሜራ የመድረክ ቴአትርና የቤት ውስጥ መረብ ኳስ ፎቶ ታነሺያለሽ። ባለ 70-200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ያስፈልግሻል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብርሃንም ይበዛል)፤ ካሜራሽን የሠራው ድርጅት የሚያቀርበው ግን ከአቅምሽ በላይ ሆነብሽ። ስለዚህ የሌላ አምራች ኤፍ 2.8 ልግዛ ወይስ የካሜራዬ ድርጅት ኤፍ 4 ይሻለኛል፣ ፎከሱ ያስተማምናል ወይ፣ በኋላስ ማራዘሚያ (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ አጉሊ) ልጨምርበት እችላለሁ ወይ ብለሻል።

መረብ ኳሱ እውነተኛ ሥራሽ ከሆነ የሌላውን አምራች ኤፍ 2.8 ግዢ። ቴአትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤፍ 4 ይበቃሻል እልሽ ነበር። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ፣ ከኤፍ 5.6 ደግሞ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በኤፍ 5.6 የሹተር ፍጥነትሽ 1/125 ሰከንድ ቢሆን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሳትነኪ በኤፍ 4 ወደ 1/250፣ በኤፍ 2.8 ወደ 1/500 ትደርሻለሽ። ቆሞ የሚናገር ተዋናይ በ1/250 ጥርት ብሎ ይወጣል። ኳስ ሊመታ የዘለለ ተጫዋች ክንድ ግን በ1/250 ይደበዝዛል፤ በ1/500 እንኳ አንዳንዴ አይበቃም። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርመው መሣሪያ እዚህ ላይ ምንም አይረዳሽም። እሱ የሚያረጋጋው የአንቺን እጅ ነው፤ የተጫዋቹን ክንድ አያቆምም። ኤፍ 4 ከማረሚያ ጋር ካለ ኤፍ 2.8 አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

የእኔ ሌንስ ለዲኤስኤልአር የተሠራ፣ መንቀጥቀጥ ማረሚያ ያለውና አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ነው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የምነግርሽ ችግር የደረሰው በእኔ ሌንስ ላይ ስለሆነና በአንድ ሌንስ ድርጅትን መፍረድ ስለማይገባ ነው።

ክብደቱን የትም ብትሄጂ አታመልጪውም። 200ን ለ2.8 ስታካፍዪው 71 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ከፊት ሲታይ ያን ያህል ስፋት ሊኖረው ግድ ነው። የእነዚህ ሌንሶች ፊልተር አብዛኛውን ጊዜ 77 ሚሊሜትር የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቅ መስታወት ደግሞ ከባድ ነው፤ የማንም ስም ቢጻፍበት ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጀመሪያው ወር ካነሣኋቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ ደበዘዙብኝና ጥፋቱን ሁሉ በሌንሱ ላይ ጣልሁ። «ርካሽ ስለሆነ ነው» ብዬ ልመልሰው ተነሥቼ ነበር። ከዚያ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አንድ በአንድ ስመረምር፣ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርጌ ቆጥሬያቸው እንደነበር ገባኝ። አንቺም ሌንስሽን ከመክሰስሽ በፊት እነዚህን ለይተሽ እወቂ።

ፎቶው ከዳር እስከ ዳር፣ መሬቱም ግድግዳውም ሰውየውም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ የተንቀጠቀጠው እጅሽ ነው። በአንቺ ሴንሰር 200 ሚሊሜትር የሚያሳየው በፉል ፍሬም (በትልቁ ሴንሰር) 300 ሚሊሜትር የሚያሳየውን ያህል ነው፤ ያለ ማረሚያ ቢያንስ 1/320 ሰከንድ ያስፈልግሻል። መረቡና ወለሉ ጥርት ብለው የተጫዋቿ እጅ ብቻ ከተጎተተ፣ የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት፤ መድኃኒቱ የሹተር ፍጥነት ነው። ተጫዋቿ ሳትጎተት ለስላሳ ሆና፣ ከኋላዋ ያለው ሰው ግን የማሊያው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ ጥርት ካለ፣ እሱ የፎከስ ስሕተት ነው። ከእኔ የከሸፉ ፎቶዎች ውስጥ እኩሌታው የሹተር ፍጥነት ጉዳይ ነበር። ሌንሱ ከእነዚያ ንጹሕ ነበር።

የፎከስ ስሕተቱም ቢሆን ሁልጊዜ የሌንሱ ጥፋት አይደለም። በአንቺ ዓይነት ሴንሰር፣ በ200 ሚሊሜትርና በኤፍ 2.8፣ አምስት ሜትር ላይ የቆመን ሰው ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 7 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት እንኳ ከዚህ ይበልጣል። በኤፍ 4 ወደ 10 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ተዋናይቱ ቃሏን ስትናገር ወደ ፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ካለች፣ አስቀድመሽ የቆለፍሽው ፎከስ ከዓይኗ ወደ ጆሮዋ አልፏል። እኔ ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ለመድረክም ቢሆን ተከታታይ ፎከስ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያስተካክለውን) እጠቀማለሁ፤ አንድ የፎከስ ነጥብ መርጬ ዓይን ላይ አኖራለሁ። አዲስ ሌንስ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ፎቶ ያዳነልኝ ይህ ልማድ ነው።

እጄንም ተጫዋቹንም ከጥፋቱ ካነጻሁ በኋላ ግን የቀረ እውነተኛ የሌንስ ችግር ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት ሌንስ በ200 ሚሊሜትር የፎቶው ቀኝ ጎን ሁልጊዜ ከግራው ይልቅ ለስላሳ ነበር፤ ከውስጥ ካሉት መስታወቶች አንዱ ከመሃል ሸሽቷል ማለት ነው። መልሼ ቀየርሁት። ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር እኩል ጥርት ያለ ነበር፣ ሆኖም በ200 ላይ ቀረብ ያለ ሰው ሳነሣ ፎከሱ ዘወትር ትንሽ ወደ ኋላ ያልፍ ነበር። ሻጩ የመመለሻ ቀን ስለሚሰጥ ሌንሱን በእነዚያ ቀናት ፈትሺው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ማስረዳቱ ከባድ ነው።

አፈታተሹን ልንገርሽ። ካሜራውን በትራይፖድ አስሪ፤ ማረሚያውን አጥፊ፤ በሰዓት ቆጣሪ አንሺ። መጀመሪያ ጠፍጣፋ የጡብ ግድግዳ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰፊ የጋዜጣ ገጽ ፊት ለፊት ቀጥ ብለሽ በኤፍ 2.8 አንሺ፤ በ70፣ በ135 እና በ200። አራቱን ማዕዘኖች አስተያዪ። ማዕዘኖች ከመሃል ትንሽ ቢለሰልሱ የተለመደ ነው፤ አንዱ ጎን ከሌላው በግልጽ ከተለየ ግን መልሺው። ከዚያ ሦስት ተመሳሳይ ዕቃዎችን አንዱን ከአንዱ ትንሽ ወደ ኋላ እያደረግሽ በሰያፍ ደርድሪና በመካከለኛው ላይ ፎከስ አድርጊ። አንድ ጊዜ በመመልከቻው ቀዳዳ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምስሉን በኋለኛው ስክሪን እያየሽ። ዲኤስኤልአር ካሜራ በቀዳዳው ስታዪ ፎከስ የሚያደርገው ከሴንሰሩ ውጪ ባለ ሌላ መለኪያ ነው፤ በስክሪኑ ሲሆን ግን ፎቶውን በሚቀበለው በራሱ በሴንሰሩ ላይ ያረጋግጣል። በስክሪኑ ጥርት ብሎ በቀዳዳው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካለፈ መስታወቱ ጤነኛ ነው፤ የተዛባው ልኬቱ ነው፤ ይስተካከላል። በሁለቱም ለስላሳ ከሆነ ግን ሌንሱ ራሱ ነው።

ልኬቱን ማስተካከል የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። መካከለኛና ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ዲኤስኤልአሮች ብዙዎቹ በምናሌያቸው ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ አላቸው፤ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ የላቸውም። ሁለተኛው መንገድ፣ ከሌንስ አምራቾቹ ሲግማ ዩኤስቢ ዶክ፣ ታምሮን ደግሞ ታፕ-ኢን ኮንሶል የሚሏቸው፣ ሌንሱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ የሚሠሩት ግን ለእነሱ ተብለው ከተሠሩ አዳዲስ ሌንሶች ጋር ብቻ ነው። በሲግማው ዙም ሌንስን በአራት የዙም ደረጃና በአራት ርቀት፣ በድምሩ በ16 ቦታ ማስተካከል ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌንስ በ70 ትክክል ሆኖ በ200 ሊያልፍ ስለሚችል በካሜራው ምናሌ አንዱን ስታርሚ ሌላውን ልታበላሺ ትችያለሽ። እኔ በካሜራው ብቻ ስለነበር ያስተካከልሁት፣ አብዝቼ የምጠቀምበትን 200ን መርጬ በ70 ላይ ጥቂት ተሸንፌያለሁ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ካሜራ ስቀይር መጣ። ሌንሱ ከአዲሱ ካሜራ ጋር ፎከስ አላደርግም አለ፤ ስክሪኑ ላይ የስሕተት መልእክት ይወጣል። የሌላ አምራች ሌንሶች ብዙውን ጊዜ የካሜራውን ቋንቋ የተማሩት በጥናት ነው እንጂ በባለቤቱ ፈቃድ አይደለም፤ ስለዚህ ካሜራው ሲታደስ ቋንቋው ሊለወጥባቸው ይችላል። ሌንሴን ለሶፍትዌር እድሳት ልኬ ሳምንታት ያለ እሱ ቆየሁ። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ሌንስ ቢሆን በራሴ ጠረጴዛ ላይ ይጠናቀቅ ነበር። አሁን ብገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሌላም ልጨምር፦ ካሜራሽ የማዕዘን ጨለማን በራሱ የሚያርም ከሆነ አጥፊው። የሌላ አምራችን ሌንስ ከራሱ ሌንሶች አንዱ አድርጎ ሊቆጥረውና ሳያስፈልግ ፎቶው ላይ ቀለበት የመሰለ ጥላ ሊያኖር ይችላል።

ወደ ፊት መስታወት አልባ (ሚረርለስ፣ በውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው) ወደሆኑት ካሜራዎች ለመሻገር ካሰብሽ ሒሳቡ ይለወጣል። እነሱ ፎከስ የሚያደርጉት በሴንሰሩ ላይ ስለሆነ ያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የማለፍ ጣጣ በአብዛኛው ይቀራል። በሶኒ ካሜራዎች በኩል ታምሮን በፈረንጆቹ 2020 ያወጣው 70-180 ኤፍ 2.8 ክብደቱ 810 ግራም ያህል ነው፤ ለእኔ ትከሻ ይህ ትልቅ ዜና ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ግን የራሱ መንቀጥቀጥ ማረሚያ የለውም፤ በ2023 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ አለው። ሲግማም በዚያው ዓመት ለመስታወት አልባ ካሜራዎች 70-200 ኤፍ 2.8 አውጥቷል። ገደብ ግን አለ፦ ፈጣኖቹ የሶኒ ካሜራዎች ከሌላ አምራች ሌንስ ጋር በሰከንድ ከ15 ፎቶ በላይ አያነሡም። ለመረብ ኳስ 15 ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ምስሉ ጥራት ብዙም ያላወራሁት የሚያሳስበኝ ስላልሆነ ነው። የእኔው በ135 አካባቢ በኤፍ 2.8 እጅግ ጥሩ ነው፤ በ200 ንፅፅሩ ትንሽ ይቀንስና በኤፍ 3.2 ይመለሳል። በጣም ቀርበሽ ስታነሺ 200ው 200 መሆኑ ይቀራል፤ ፎከሱ ሲቀርብ ምስሉ ሰፋ ይላል። ይህ የብዙ 70-200 ሌንሶች ጠባይ ነው፤ የካሜራ ድርጅቶቹም ሌንሶች ከዚህ ነፃ አይደሉም። የመድረክ መብራት ወደ አንቺ ሲያይ የሌንሱን ኮፍያ (ከፊቱ የሚገጠመውን የብርሃን መከለያ) አትርሺ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ክብደቱ በሌንሱ ላይ ስለሆነ ግራ እጅሽን ከሌንሱ ሥር አድርጊ፤ ማንገቻውንም ከካሜራው ሳይሆን ከሌንሱ አንገት ጋር እሰሪው። ሌንሱን ጨብጠሽ ካሜራው ይንጠልጠል እንጂ ካሜራውን ጨብጠሽ ሌንሱን አታንጠልጥዪ፤ ማያያዣው ይጎዳል። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ቴአትር ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መደገፊያ) ያዢ። የዙም ቀለበቱ ከሌሎቹ ሌንሶችሽ በተቃራኒ ሊዞር ይችላል፤ እኔ ሁለት ወር ያህል ላጠጋ ስል እያራቅሁ ነጥብ የሚቆጠርበትን ቅጽበት አምልጦኛል። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሜዳ ሳትገቢ እጅሽን አለማምጂው።

ማራዘሚያውን በተመለከተ ከጠየቅሽው ሁሉ ይህ አጭሩ ነው። የ1.4ቱ 200ውን 280 ያደርገዋል፤ ኤፍ 2.8ም ኤፍ 4 ይሆናል። የ2ቱ 400 ያደርገዋል፤ ብርሃኑ ግን ወደ ኤፍ 5.6 ይወርድና ለአዳራሽ ሥራ የገዛሽውን ጥቅም በሙሉ ይወስድብሻል። የሌንሱ አምራች ለዚያው ሌንስ ይስማማል ብሎ ከዘረዘራቸው ውጪ አትግዢ፤ የአንዳንዱ ማራዘሚያ የፊት መስታወት ወጣ ስለሚል ከሌንሱ የኋላ መስታወት ጋር ሊጋጭ ይችላል። እኔ የ1.4ቱን ለሜዳ ጨዋታ በቀን ብርሃን እጠቀምበታለሁ፤ የ2ቱን ሸጬዋለሁ። አንቺ ግን ማራዘሚያውን ለጊዜው ተዪውና መጀመሪያ የካሜራሽን ሞዴል ጻፊልኝ፤ በምናሌው ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ ከሌለው የትኛውን ሌንስ እንደምትመርጪ የሚወስነው እሱ ነው።