ሙያውን ከመተውሽ በፊት የሥራ ቀንሽን አስተካክይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አነበብሁት። በጸጉር ሥራ ስድስት ዓመት እንደቆየሽ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ደንበኛ በሩን ከፍታ ስትገባ ንዴት እንደሚመጣብሽ፣ ሌሊት እጅሽ እየደነዘዘ እንቅልፍ እንደሚነሣሽ ጽፈሽ፣ «ሰንፌ ነው ወይስ ሙያው አይሆነኝም?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከጸጉር አጣቢነት ጀምሬ ለረጅም ዓመታት ቆሜ የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ አነስተኛ የሴቶች ጸጉር ቤት የማስተዳድር ሴት ስለሆንሁ፣ የምመልስልሽ በሠራተኛነትም በአሠሪነትም ካየሁት ተነሥቼ ነው። በእኔ እምነት አልሰነፍሽም፤ ሙያውንም አልጠላሽውም። ያዛለሽ የሥራ ቀንሽ የተደራጀበት መንገድ ነው፤ አስቀድሞ መለወጥ ያለበትም እርሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ሲተረጉም በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ምልክቶቹም የአቅም መሟጠጥ፣ ሥራውን በመንፈስ መራቅና መጥላት፣ እንዲሁም የሥራ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። አንቺ የጻፍሽው ንዴት ከእነዚህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ራስሽን በመውቀስ የሚገኝ መፍትሔ የለም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የአከፋፈሉን ነገር ነው። አብዛኞቻችን የምንሠራው በፐርሰንት፣ ማለትም ደንበኛ ከከፈለችው ላይ ድርሻችንን እየወሰድን ነው፤ በፐርሰንት የሚሠራ ሰው ደግሞ ለምሳ የተቀመጠበትን ግማሽ ሰዓት እንደ ኪሳራ ስለሚቆጥረው፣ አንዷን ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ) ውስጥ አስገብቶ ሁለተኛዋን በፎን (በእጅ በሚያዘው ማድረቂያ) እየሠራ፣ ሦስተኛዋን «አሁን እደርስልሻለሁ» እያለ ይውላል። ቀጠሮ የሚባል ነገር በሌለበት ቤት ይህ አሠራር ቀኑን ሙሉ ሰው እንደሚጠብቅሽ እያሰብሽ እንድትሠሪ ያደርግሻል፤ ከእጅ ሥራው ይልቅ አእምሮን የሚጨርሰውም ይኸው ነው። በእኔ ቤት ቀጠሮ ያስጀመርነው ስፌትን (ተጨማሪ ጸጉር መስፋትን)፣ ቀለምንና ሹሩባን ለመሳሰሉ ረጅም ሥራዎች ብቻ ነው፤ መታጠብና ካስክ እንደተለመደው በመጣችበት ተራ ይስተናገዳል። ሁሉን ነገር በቀጠሮ ማድረግ በእኛ አገር ደንበኛን ያስቀይማል እንጂ አይሠራም። ረጅሞቹን ብቻ መለየቱ ግን በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምሳም በተራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚበላ ሆነ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን የሚያመጣው ጫና ነው። በጥር ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ጊዜ ነው፤ ሙሽራና ሚዜ ለማዘጋጀት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን፣ በዚያው ቀን ደግሞ እስከ ማታ ሳሎን ውስጥ እንቆማለን። ከዚያ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ይመጡና ሠርግ ስለማይኖር ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብም ቀዳም ሥዑር ላይ ከተማው በሙሉ ጸጉሩን የሚሠራ እስኪመስል ድረስ ይጎርፋል። ብዙ እህቶቻችን ያን ቀን አክፍለው፣ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምሱ፣ በፒያስትራ (ጸጉር ማለስለሻ ብረት) ሙቀት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው ይሠራሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ፤ እኔም የማከፍል ሰው ነኝ። የምለው፣ የሚያከፍል ሠራተኛ ያን ቀን ከሰዓት በፊት ገብቶ በጊዜ እንዲወጣ፣ ማታውን የማያከፍሉት ወይም የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑት ባልደረቦቻችን እንዲይዙት፣ በረመዳን ደግሞ እኛ በተራችን እንድንሸፍንላቸው አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል ነው። የዓመት ፈቃድም በዐቢይ ጾም መካከል ቢወሰድ ለሠራተኛውም ለቤቱም ይጠቅማል፤ በጥር ከሚገኘው ገቢ በዕቁብ እየተቀመጠ ዕጣው በጾሙ ወራት እንዲወጣ የተስማሙ ባልደረቦች አውቃለሁ፤ ይህም ጥር ላይ «የጾሙንም ልሥራ» ብሎ ራስን ከመጨረስ ያድናል።

ፈቃድ ስል ልመና እንዳይመስልሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍትና በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድም ይሰጣል። በብዙ ጸጉር ቤቶች ይህ አይታወቅም፤ አንቺ ግን ዕወቂው።

ስለ እጅሽ ደንዝዞ ማደር ሳልናገር አላልፍም። በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሌሊትም ይብሳል። በእኛ ሥራ በአንጓ መታጠፍና በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የተለመደ ጉዳት ስለሆነ፣ ችላ ሳትዪ ሐኪም አሳዪው፤ ሲተኙ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ለብዙዎች ይረዳል። ሹሩባ ስትሠሪ ደንበኛዋ ዝቅ ባለ በርጩማ፣ አንቺም ከፍ ባለ ወንበር ብትቀመጡ፣ ክርንሽ ከትከሻሽ በላይ ሳይወጣ መሥራት ትችያለሽ። ወገብሽን ጎንበስ አድርገሽ ለሰዓታት መቆምን ግን ማንም ጎበዝ ብሎ ሊያመሰግንሽ አይገባም። ቀለም ስትቀቢም ስታጥቢም ጓንት አድርጊ፤ ላቴክስ የተባለው የተፈጥሮ ጎማ ለአለርጂ ስለሚያጋልጥ ናይትራይል ከተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራው ጓንት ይሻላል።

ኬራቲን የሚባለው የጸጉር ማለስለሻ ቅባት ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ብዙዎቹ በፒያስትራ ሲሞቁ ፎርማልዴይድ የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህን ጋዝ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት መካከል መድቦታል። በአፍና በአፍንጫ የምናደርገው የተለመደ ማስክ ጋዝ አያስቀርም። ዓይንሽን የሚያቃጥልሽ፣ ራስ ምታቱም ማታ ድረስ የሚከተልሽ ከሆነ፣ ድካም ብለሽ የምትጠሪው አንዱ ክፍል እርሱ ሊሆን ይችላል። መስኮትና በር ከፍታችሁ ሥሩ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለችሽ ከዚህ ሥራ ትገለል።

ሌላው፣ ብዙም የማይነገረው፣ የምንሰማው ነገር ነው። ደንበኛ ወንበራችን ላይ ስትቀመጥ የትዳሯን፣ የሐዘኗን፣ የልጇን ጭንቀት ትነግረናለች፤ ይህ የሙያችን ክብር ነው፣ ግን የሁሉንም ቤት ይዞ ወደ ቤት መግባት አይቻልም። እኔ ለሠራተኞቼ የምነግራቸው ስሙ፣ አይዞሽ በሉ፣ ምክር ግን ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን ዘመድ፣ የንስሐ አባት ወይም ሐኪም እንድታማክር ንገሯት ነው። በቀኑ መጨረሻም እርስ በርስ የምንጫወትበት፣ ቡና የምናፈላበት ጊዜ አለን፤ የደንበኛን ምሥጢር ግን አናነሣም።

ለራስሽም ይኸው ነው። ዕረፍት ወስደሽ እንኳ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለሽ፣ ከሥራ ውጪ የምትወጂው ነገር ሁሉ ትርጉም ካጣብሽ፣ ያ ከሥራ ዝለት የሰፋ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ፤ አስፈላጊ ከሆነም ወደ አማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል ይልኩሻል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም።

አሠሪሽን ለማነጋገር ስትዘጋጂ ድካምሽን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ለሁለት ሳምንት በደብተር እያንዳንዷ ደንበኛ መቼ እንደመጣች፣ ስንት ሰዓት እንደጠበቀች፣ የትኛው ሥራ ተበላሽቶ እንደተደገመ፣ ማን ሳትሠራ ተበሳጭታ እንደሄደች መዝግቢ። አሠሪ እንደ መሆኔ እነግርሻለሁ፤ ከደከመ እጅ የሚወጣ ሥራ ገንዘብ እንደሚያስወጣ በዚያ ገጽ ላይ ያየ ሰው ረጅም ሥራዎችን በቀጠሮ ለማድረግና ምሳ ለማስከበር ይስማማል። እምቢ ካለም ሌላ ቤት ስትፈልጊ ከፐርሰንቱ በፊት የዕረፍት ቀኑን፣ የበዓል ዋዜማውን አሠራርና መስኮቱን ጠይቂ።