ውቅያኖስና የመሬት ሽክርክሪት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በረዶ ቀልጦ ባሕር ቢገባ የመሬት ክብደት ያው ነው። ታዲያ ለምን ትዘገያለች?

መልስ፦ ወሳኙ ክብደቱ ከዛቢያው፣ ማለትም መሬት ከምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር፣ ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ ሲርቅ ሽክርክሪቱ ይዘገያል። የዋልታ በረዶ ለዛቢያው ቅርብ ነው፤ ሲቀልጥ ውሃው በመላው ውቅያኖስ ተሰራጭቶ ወደ ምድር ወገብ ይሄዳል። የባሕር ወለል በ1 ሚሊ ሜትር እንዲጨምር 360 ቢሊዮን ቶን ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። ሁሉም ከዋልታ ቢመጣ ቀን በ10 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይረዝማል። ምድርም ከሸክሙ ሥር ስለምትረግብ ቁጥሩ ወደ 8 ይወርዳል። ባሕር ሞቆ ሲሰፋ የሚመጣውን ከፍታ ግን እዚህ አይደምሩት፤ ውሃው አልተጨመረም።

ጥያቄ፦ ሕዳሴ ግድብስ ቀንን ይለውጣል?

መልስ፦ ይለውጣል፣ ግን በመሣሪያ አይያዝም። መለያው መስመር 35 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነው፦ ከውቅያኖስ የተወሰደ ውሃ ከዚያ ወደ ምድር ወገብ ቀርቦ ከተጠራቀመ ቀን ይረዝማል፣ ወደ ዋልታ ከሆነ ያጥራል። የቻይናው ስሪ ጎርጅስ 31ኛው ዲግሪ ላይ፣ መስመሩ አጠገብ ስለሆነ 40 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ ውጤቱ 0.06 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ሕዳሴ 11ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩቡ ሲሞላ በግርድፍ ስሌት 0.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይደርሳል። በውሃ መጠን እጥፍ እንኳ ሳይሞላ በውጤት ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑ የቦታው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ኤል ኒኞ ቀን የሚያስረዝመው በውቅያኖሱ ነው?

መልስ፦ ኤል ኒኞ የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት ቢሆንም፣ ቀን የሚያስረዝመው በውቅያኖሱ በቀጥታ አይደለም፣ በነፋሱ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ መሬት ያንኑ ያህል ትዘገያለች፤ በ1983 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የቀኑ መርዘም ወደ 1 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ደርሶ ነበር። ውቅያኖሱ የሚገንነው በዛቢያው መወዛወዝ ላይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቻንድለር በ1891 እ.ኤ.አ. ያገኘውን የ433 ቀን ገደማ ውዝዋዜ በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው በባሕር ታችኛው ወለል ላይ ያለው ግፊት መለዋወጥ መሆኑን የናሳው ተመራማሪ ሪቻርድ ግሮስ በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ሚሊሰከንድ ማንን ይጎዳል?

መልስ፦ ምድር ወገብ በሰከንድ 465 ሜትር ይጓዛል፤ 1 ሚሊሰከንድ ስህተት 46 ሴንቲ ሜትር ነው። ጂፒኤስ ይህን አይታገሥም።

ጥያቄ፦ የቀን ርዝመት መረጃ አውርጃለሁ። የውቅያኖሱን ድርሻ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጨረቃ የምታመጣቸውን የ13.66 እና የ27.55 ቀን ዑደቶች ይቀንሱ። ቀጥሎ የነፋስንና የአየር ግፊትን ድርሻ ያውጡ። የቀረው የውቅያኖስ፣ የየብስ ውሃና የመሬት እምብርት (የመሬት ውስጠኛው ማዕከል) ድምር ነው፤ በአሥርተ ዓመታት የሚዘልቀው ትልቁ መዋዠቅ ከእምብርቱ ስለሆነ ለውቅያኖስ አይስጡት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግፊቱ ላይ ነው። አየር በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ሲከብድ ባሕሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል በባሕሩ ታችኛው ወለል ላይ ያለው ጫና ብዙም አይለወጥም። ይህን ሳያርሙ ከባሕር በላይ ያለውን አየር በሙሉ ከደመሩ፣ ውቅያኖሱ ያካካሰውን ጫና እንዳለ ቆጠሩት ማለት ነው።