ጭነት ለሚሠራ ሃይሉክስ ምን ዓይነት አሞርዛተር ይሻላል? ለሞጣው ወንድማችን የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴል ባለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ቪጎ ይዘው ከሞጣ ዙሪያ ጤፍ እየሰበሰቡ ወደ ደብረ ማርቆስ ያመላልሳሉ። መኪናው ሲጫን ኋላው ይወድቃል፣ ኮረኮንች ላይ ሲገባ ደግሞ ይዘላል። የመለዋወጫ ሱቁ «ጠንከር ያለ የጋዝ አሞርዛተር ይግጠሙ፣ ሁለቱም ይስተካከላል» ብሎዎታል። እኔም በዚያው አገር ፒክአፕ ለዓመታት ስለነዳሁ፣ ከሱቁ ምክር ጋር በግማሹ ብቻ እስማማለሁ።

ከኋላ በኩል የመኪናውንም የጭነቱንም ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ማለትም በላይ በላዩ የተደረደሩት የብረት ቅጠሎች፣ ነው። አሞርዛተሩ ሥራው ሌላ ነው፤ ባሌስትራው ተጨምቆ ሲመለስ የሚፈጠረውን መወዛወዝ ይገታል፣ ይህንንም የሚያደርገው በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቫልቮች እያሳለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። የጋዝ አሞርዛተር በሚባለው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን የተደረገ እንጂ ጭነት እንዲያነሳ የገባ አይደለም፤ ዘንጉን በትንሹ ወደ ውጭ ቢገፋም ስምንትና ዘጠኝ ኩንታል የጫነን መኪና ቀና አያደርግም። ስለዚህ የኋላው መውደቅ የባሌስትራ ጉዳይ ነው፣ መዝለሉ ግን የአሞርዛተር ሊሆን ይችላል።

አሞርዛተር ከመግዛትዎ በፊት መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁመው ከኋላ ጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ይለኩ፤ የተሰበረ ቅጠል፣ የተበላ ቦኮላ (የባሌስትራው ማያያዣ ቡሽ) ወይም ጉብጠቱን ጨርሶ የተኛ ባሌስትራ መኖሩንም ይመልከቱ። በእሳት ተግሎ እንደገና የሚጎብጥ ባሌስትራ ሙቀቱ በአግባቡ ካልተያዘ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛልና፣ አቅም ከፈቀደ አዲስ ቢሆን እመርጣለሁ። ቅጠል ሲጨመር ደግሞ ባሌስትራው ሲመለስ የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ከፋብሪካ የመጣው አሞርዛተር ያንሳል። ጠንከር ያለ አሞርዛተር ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ጠንካራ መሆን ያለበትም በተለይ ዘንጉ ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ከባድ ጭነት በሚችል ባሌስትራና በጠንካራ አሞርዛተር ባዶ መመለስ ግን ወገብ ያማል፣ ኋላውም ኩርባ ላይ ጠጠር ሲያገኝ ይሸሻል። እርስዎ እንደ አብዛኛው የጎጃም ጫኝ አንዱን መንገድ ጭነው ሌላውን ባዶ የሚመለሱ ከሆነ፣ መካከለኛውን ይያዙ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ጋራዦች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ብዙ ሃይሉክሶች የኋላውን ከፍታ በዘንግ እየለኩ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስኑበት ቫልቭ አላቸው። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላው ከፍ ሲል ይህ ቫልቭ መኪናው ባዶ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ጤፍ ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባሌስትራው ሲሠራ ዘንጉ እንዲስተካከል መካኒኩን ይጠይቁት።

አሁን ወደ አሞርዛተሩ ዓይነት ልምጣ። በገበያው ያሉት በዋናነት ሁለት ናቸው። ባለ አንድ ቱቦው ከፍተኛ ግፊት ያለውን ጋዝ ከዘይቱ በተንሳፋፊ ፒስተን ለይቶ ይይዛል፤ ዘይቱ ከውጭው ግድግዳ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፣ ረጅም ኮረኮንች ላይ አይደክምም። ነገር ግን ፒስተኑ የሚንሸራተተው በዚያው በውጭው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው ፒስተኑ ተይዞ ሊቆም ይችላል። ባለ ሁለት ቱቦው በተቃራኒው የውጭው ቢጎደጎድም የውስጡ ሥራውን ይቀጥላል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ጉድለቱ ሙቀት ማከማቸቱ ነው። አስፋልት ላይ የዓባይን ቁልቁለት መውረድ የሚያግለው ፍሬኑን ነው፤ አሞርዛተርን የሚያግለው ከሞጣ ወደ ገጠሩና ወደ ጮቄ ግርጌ የሚያስገባው ተከታታይ ኮረኮንች ነው። እኔ ለእርስዎ ሥራ የምመርጠው ወፈር ያለ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ የሚበረታው ድንጋዩ ነው፣ ጭነው ሲሄዱም ፍጥነትዎ ዝቅተኛ ነው። በፍጥነት የሚነዳ የመስሪያ ቤት መኪና ቢሆን መልሴ ይለወጥ ነበር። በክረምት የዋልካ ጭቃ ዘንጉ ላይ ደርቆ የዘይት ማኅተሙን ስለሚቆርጥ፣ የመረጡት አሞርዛተር ዘንጉን የሚሸፍን አቧራ መከላከያ ያለው ይሁን።

ከስም አንጻር፣ የጃፓኑ ካያባ ለቶዮታ ፋብሪካም የሚያቀርብ ስለሆነ ባሌስትራው ካልተለወጠ አስተማማኝ ነው፤ ኤክሴል-ጂ የሚለው ባለ ሁለት ቱቦ፣ ጋስ-ኤ-ጀስት የሚለው ባለ አንድ ቱቦ ነው። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ አሞርዛተሩን ከባሌስትራው ጋር አዛምዶ ስለሚያወጣ ሁለቱንም ለሚቀይር ይመቻል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። የጀርመኑ ቢልስታይን በባለ አንድ ቱቦ የታወቀ ነው። አስመስሎ የተሠራ ስለሚበዛ ካርቶኑን አይመኑ፤ አሞርዛተሩን በእጅዎ ቀጥ አድርገው ይዘው ዘንጉን ደጋግመው ያስገቡና ያውጡ፣ መሐል ላይ ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካልጠፋ ይተዉት።

ያሉት አሞርዛተሮች መሞታቸውን ለማወቅ መኪናውን በእጅ ተጭኖ መልቀቅ ለፒክአፕ ብዙም አያስተማምንም፣ የቅጠሎቹ ሰበቃ ራሱ ይገታዋልና። ይልቅ ኮረኮንች ላይ ቆየት ብለው ነድተው ሲቆሙ፣ እንዳይቃጠሉ ተጠንቅቀው የአሞርዛተሮቹን አካል ይዳስሱ፤ ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ እሱ ሥራ አቁሟል። በላዩ ላይ ስስ የዘይት ወዝ መኖሩ አያስደነግጥም፣ ወደ ታች የሚወርድ ዘይት ግን የመጨረሻው ምልክት ነው።

ሲገጠም ግራና ቀኙ አብረው ይቀየሩ። ባለ ሁለት ቱቦውን ከመግጠም በፊት ቆሞ ሳለ ዘንጉን ጥቂት ጊዜ መሳብና መጫን በውስጡ የገባውን አየር ያስወጣል። የጎሚኒ (የማያያዣው ጎማ) ዳዶዎች መጨረሻ ላይ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። የፊቱ አሞርዛተር ሞላው (ጥምዝምዙ ስፕሪንግ) ውስጥ ስለሚቀመጥ ሞላ መጨመቂያ የሌለው ጋራዥ እንዲነካው አይፍቀዱ።

ገንዘቡ አንድ ጊዜ ካልበቃ፣ በቅድሚያ የኋላ ባሌስትራውን፣ ቀጥሎ የኋላ አሞርዛተሮችን፣ የፊቱን በመጨረሻ ያድርጉ።