የግቢያችን ፍሳሽ ማጣሪያ ቆሟል፤ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ 96 አባወራ የሚኖርበት አፓርትመንት የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ቤቱን የገዛነው ገና በፕላን ላይ ሳለ ከአንድ ሪል እስቴት ኩባንያ ነው። በአካባቢው የፍሳሽ መስመር ስለሌለ ኩባንያው በግቢው ጥግ ማጣሪያ ሠርቶ ከቤቱ ጋር አስረከበን። አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ብሎወር (ወደ ፍሳሹ አየር የሚነፋው ማሽን) ተቃጠለ፤ የመብራት ወጪው ስለከበደን ሁለተኛውን እኛው አጠፋነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ማታ ማታ ቫልቩ ይከፈትና በጎርፍ መውረጃው ወደ ወንዝ ይሄዳል። አሁን ከታች በመስኖ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ ሰው በጠበቃ ማስጠንቀቂያ ልከውብናል። ደንብ አስከባሪዎችም መጥተው አይተዋል። ኩባንያው «አስረክቤያለሁ» ይላል፤ ነዋሪው ደግሞ መዋጮ አልጨምርም አለ። በግሌ እጠየቃለሁ? ኩባንያውንስ መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ቫልቭ ነው። ዛሬ ማታ እንዳይከፈት። ጉድጓዱ ከሞላ ፍሳሽ ማንሻ መኪና ይጠራ፤ ውድ ነው፣ ግን ደረሰኝ አለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ያ ደረሰኝ ከማንኛውም ክርክር በላይ ይጠቅማችኋል።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ብሎወሩ ተቃጥሎ ፍሳሹ ሞልቶ ቢፈስ ብልሽት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ደህናውን ብሎወር በእጅ ማጥፋትና ቫልቭ በሌሊት መክፈት ግን ውሳኔ ነው። ፍሳሹን የሚያጣሩት አየር የሚሹ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ አየሩ ሲቋረጥ ይሞታሉ፣ ሽታውም ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግቢያችሁ ያለው ማጣሪያ ሳይሆን ክዳን ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደረጃውን ጥሶ አካባቢን መበከል ይከለክላል፤ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍልም ያስገድዳል። ከተማዋ ደግሞ የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017 አላት፤ ደንብ አስከባሪዎቹ የመጡት በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2035 መሠረት ግልጽ የሕግ ክልከላን መጣስ በራሱ ጥፋት ነው። «ወጪው ከበደን» የሚለው እንደ ነዋሪ ይገባኛል፤ እንደ መከላከያ ግን አይቆምም።

በግል መጠየቅን በተመለከተ መጀመሪያ አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ማኅበሩ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ተመዝግቧል? ከተመዘገበ የራሱ የሕግ ሰውነት አለው (በስሙ ይከስሳል፣ ይከሰሳል)፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2129 መሠረት ተወካዮቹ በሥራቸው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር የሚጠየቀው እሱ ነው። ካልተመዘገበ፣ ማኅተም አሠርቶ መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴ ብቻ ከሆነ (እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ) ከሳሹ እርስዎን በስምዎ ቢጠራዎት አይገርመኝ። የወንጀሉ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 አካባቢን መበከል ያስቀጣል፤ በወንጀል «ማኅበሩ ነው» ማለት «ክፈት» ያለውን ሰው አያድንም። ክፈት ያለው ማን ነው? ቃለ ጉባኤ አለ? ወይስ ለጥበቃው በስልክ ተነገረው? መልሱን ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ለጠበቃዎ በአካል ይንገሩ።

ማስጠንቀቂያ ወደላኩት ጎረቤትዎ ልምጣ። «ካርታ የላቸውም፣ የወንዝ ዳር ሰው ናቸው» ብለው እንዳይዘናጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ የሚጠብቀው ባለይዞታን ነው። አንቀጽ 1225 ደግሞ የንብረት ባለቤት በጎረቤቱ ላይ ከመጠን ያለፈ መጥፎ ሽታ እንኳ እንዳያደርስ ያዛል። የጉዳት ካሳ ከጠየቁ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ዓመት አላቸው (አንቀጽ 2143)። ከሁሉ የሚከብደው የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ነው፦ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳይጠበቅበት፣ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። ከዓመታት በፊት አንድ የሲቪክ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ፍርድ ቤት ሄዶ ሳይሳካለት ቀርቷል፤ ግን የከሰሰው በካዮቹን ሳይሆን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ነበር። የእርስዎ ጎረቤት በካዩን በአድራሻ ያውቁታል።

«ወንዙን የሚበክለው ስንቱ ነው፣ ጎመኑን የእኛ ፍሳሽ እንዳበላሸው በምን ይታወቃል?» የሚል ክርክር ሊያነሡ ይችላሉ። በካሳው በኩል እውነት አለው፤ ማስረዳት የከሳሽ ሸክም ነው። ፍሳሹ ይቁም በሚለው በኩል ግን ከቱቦአችሁ ጫፍ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ናሙና ይበቃቸዋል። እኔ ብሆን ከመልስ ደብዳቤው በፊት ሽማግሌ ይዤ ወደ ሰውየው እወርዳለሁ። ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ማለቴ ነው፤ እየፈሰሰ ዕርቅ የለም።

ኩባንያውን መክሰስ ይቻላል፤ ምኑን እንደምትከሱት ግን ለይታችሁ እወቁ። ጉድለትና ጥገና ሁለት ነገር ናቸው። በፕላን ላይ ሳለ የገዛችሁት በመሆኑ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል የተደነገገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ያግዛችኋል ብዬ እከራከራለሁ፦ ሥራ ተቋራጩ ሥራው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ዋስትናውን የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ማጣሪያው የተሠራው ለ50 ቤት ሆኖ 96 ቤት ከተጫነበት፣ ወይም ታንከሩ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በራችሁ ሰፊ ነው። የተቃጠለ ብሎወር ብቻውን ግን ደካማ ክስ ነው። «ማሽን ነው፣ ያረጃል፣ ግሪስ አላያችሁትም» ይሏችኋል፤ የጥገና መዝገብ ከሌላችሁ ደግሞ ዳኛው ይሰማቸዋል። ስለዚህ ገለልተኛ የሳኒተሪ መሐንዲስ ቀጥራችሁ የማጣሪያውን አቅም በጽሑፍ አስወስኑ። የርክክብ ሰነዱን፣ የማጣሪያውን ዲዛይንና የአጠቃቀም መመሪያ ከኩባንያው በደብዳቤ ጠይቁ፤ ከከለከለ ክልከላው ራሱ ማስረጃ ነው።

የመዋጮውን ነገር ባጭሩ፦ ማጣሪያው የጋራ ንብረት ነው፤ የጋራ ወጪ መክፈልም የእያንዳንዱ ቤት ባለቤት ግዴታ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ፣ ምልዓተ ጉባኤው ይቆጠር፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይፈረም። በቴሌግራም ግሩፕ «ተስማምተናል» ማለት አይበቃም። ከዚያ በኋላ የማይከፍለውን ማኅበሩ ሊከስሰው ይችላል። እውነቱን ለመናገር አዋጅ 370 ደረጃ፣ ጣሪያና ግቢ ታስቦ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ሌት ተቀን መብራት የሚበላና ባለሙያ የሚፈልግ ማጣሪያ ለኮሚቴ ይተርፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከተማዋ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ቁልቁል የተዘረጋች ናት፤ የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የመቀበል አቅም ኖሮትም መስመር ያልደረሰው ሰፈር ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለው የግቢ ማጣሪያ የሚቀር አይደለም። በአዋጅ 300 መሠረት የከተማን ቆሻሻ የማስወገድ ሥርዓት መዘርጋት የከተማ አስተዳደር ግዴታ ነው። ስለዚህ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መስመር እንዲገባላችሁ፣ እስከዚያው ሙያዊ ድጋፍ እንዲደረግላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማመልከቻው ግን ከተጠያቂነት አያወጣችሁም።

አንድ የቴክኒክ ነገር ከአንድ ባለሙያ ተምሬያለሁ። ብሎወሩ ዛሬ ቢነሣም ማጣሪያው በማግስቱ አያጣራም። ከሚሠራ ሌላ ማጣሪያ ሕያው ዝቃጭ (ተሕዋስያኑ ያሉበትን ጭቃ) አምጥቶ መዝራት ያስፈልጋል፤ ተሕዋስያኑ እስኪበዙም ሳምንታት ይወስዳል። በነዚያ ሳምንታት የምትጠሩትን መኪና ወጪ አሁኑኑ አስሉና ለጉባኤው አቅርቡ፤ ለጎረቤታችሁ ጠበቃ በምትጽፉት መልስም ቫልቩ የተዘጋበትን ቀንና ማጣሪያው ሥራ የሚጀምርበትን ቀን በቁጥር አስፍሩ።